ከልብ የታችኛው ክፍል የሚነሣ የምት መዛባት፦ ለአዘዞዋ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ሌሎች አንባቢዎችም ነገሩን እንዲከታተሉት ጥያቄዎን በአጭሩ ላስቀድም። ዕድሜዎ 31 ነው፤ በአዘዞ መምህርት ነዎት፤ ከወለዱ ስድስት ወር ሆኖዎታል፤ ልጅዎንም ጡት ያጠባሉ። ከሁለት ወር ወዲህ፣ በተለይ ማታ ጋደም ሲሉ፣ ልብዎ ለቅጽበት የቆመ ይመስልና ወዲያው አንድ ጊዜ በኃይል ይመታል። ፋርማሲ ገብተው የደም ግፊት ሲለኩ መሣሪያው የልብ ምትዎን በደቂቃ 44 ብሎ ስላሳየ ደንግጠው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሡ፤ ወረቀቱም ላይ «ቬንትሪኩላር ፕሪማቸር ቢት»፣ ማለትም ከታችኛው የልብ ክፍል ጊዜውን ሳይጠብቅ የሚነሣ ተጨማሪ ምት፣ ተብሎ ተጻፈ። የጠየቁት ይህ ነገር በድንገት ይገድለኛል ወይ፣ የሚያጠፋው መድኃኒት አለ ወይ፣ ቡናስ ልተው ወይ የሚል ነው። በመጨረሻም የ17 ዓመት ወንድምዎ አምና ኳስ ሲጫወት፣ ዘንድሮ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሲሯሯጥ ራሱን ስቶ መውደቁን፣ ቤተሰቡም የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ጸበል እየወሰደው መሆኑን ጠቅሰው፣ ከእርስዎ ችግር ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። እርስዎን ያስጨነቀዎት ምት በጤናማ ልብ ላይ ሲከሠት በአብዛኛው ለሕይወት የሚያሰጋ አይደለም። ልብዎ ጤናማ መሆኑን ግን በምርመራ ማረጋገጥ ይኖርብናል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እገልጻለሁ። ወንድምዎ ግን በዚህ ሳምንት ውስጥ በሐኪም መታየት አለበት። በሩጫ መካከል ራሱን የሚስት ወጣት ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥለት ድረስ የልብ ችግር እንዳለበት ተደርጎ ነው የሚመረመረው። ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሡ የምት መዛባቶች አደገኛነት የሚለካው ለታማሚው በሚሰማው ድንጋጤ አይደለም፤ ምቱ የተነሣበት ልብ ምን ዓይነት ነው፣ ራስን መሳትስ አለ ወይ በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ነው። በእነዚህ ጥያቄዎች ስመዝን ከሁለታችሁ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው።

ከእርስዎ ልጀምር። የልብ ምት የሚነሣው በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ካለች ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ነው። ከዚያ የወጣው የኤሌክትሪክ ግፊት የላይኞቹን ክፍሎች አዳርሶ፣ በመካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ጥቂት ዘግይቶ፣ ከዚያም በፈጣን የማስተላለፊያ መስመሮች ወደ ሁለቱ የታችኛው ክፍሎች ማለትም ወደ ቬንትሪክሎቹ ይሠራጫል። ደምን ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል የሚረጩት እነዚህ ቬንትሪክሎች ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን ከቬንትሪክሉ ጡንቻ አንድ ቦታ ከላይ የሚመጣውን ግፊት ሳይጠብቅ የራሱን ግፊት ያመነጫል። ይህ ግፊት በፈጣኑ መስመር ሳይሆን በጡንቻው ውስጥ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በዝግታ ስለሚጓዝ፣ በኢሲጂ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.12 ሰከንድ በላይ የሰፋ ሞገድ ሆኖ ይታያል።

ቀድሞ የመጣው ምት ልብ በደም ሳይሞላ ስለሚመታ የሚረጨው ደም ጥቂት ነው፤ ከእርሱ በኋላ ግን ረዘም ያለ ፋታ ይከተላል፤ በዚያ ፋታ ልብ ከወትሮው የበለጠ ደም ስለሚይዝ ቀጣዩ ምት ይጠነክራል። ስለዚህ ቆመ ያሉት ልብ አልቆመም፤ ደረትዎን የመታዎትም ከተጨማሪው ምት ቀጥሎ የመጣው መደበኛው ምት ነው። ማታ ጎልቶ የሚሰማዎት በግራ ጎን ሲተኙ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚቀርብ፣ ሐሳብን የሚወስድ ሌላ ነገር ስለሌለ፣ እንዲሁም መደበኛው ምት ዝግ ሲል ተጨማሪ ምቶች የሚነሡበት ክፍተት ስለሚሰፋ ነው።

የፋርማሲው 44ም በዚሁ መንገድ ሊብራራ ይችላል። መሣሪያው የሚቆጥረው ክንድዎ ላይ የሚደርሰውን የደም ሞገድ ነው። ከሁለት ምት አንዱ ተጨማሪ ምት ከሆነና ያ ምት ደም ወደ ክንድ ካላደረሰ፣ ልብዎ በእርግጥ 88 ጊዜ እየመታ መሣሪያው ግማሹን ብቻ ይነግርዎታል። እንዲህ ያለ ንባብ ሲያጋጥም የልብን ምት በደረት ማዳመጫ ወይም በኢሲጂ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በመሣሪያው ቁጥር ብቻ ተመርኩዞ የልብ ምት ዘግይቷል ማለት ሰውን ያለ ምክንያት ያስጨንቃል።

አሁን ወደ ልብዎ ሁኔታ እንምጣ። ሌላ ሴት፣ በተመሳሳይ ዕድሜ፣ ይህንኑ ብትጠይቀኝ የልብ አልትራሳውንዱን ረጋ ብላ ብታደርገው አልጨነቅም ነበር። እርስዎ ግን በቅርቡ ወልደዋል። በእርግዝና የመጨረሻ ወር ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ የልብ ጡንቻ የሚደክምበት አንድ ሕመም አለ፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱ የወሊድ ድካም ተደርጎ ስለሚታለፍ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። እግር ያብጣል፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፣ ያለ ሁለትና ሦስት ትራስ መተኛት ያስቸግራል፣ ሌሊት ሳል ይቀሰቅሳል። ከእነዚህ አንዱ ካለብዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ፤ ባይኖርብዎትም የልብ አልትራሳውንድ ይነሡ። በአገራችን ሌላው በወጣቶች ላይ የምናየው ምክንያት በልጅነት ከታመሙት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የልብ በሮችን የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም ነው፤ ይህንንም የሚያሳየን ይኸው ምርመራ ነው። ከእርሱ ጋር የደም ማነስ፣ የፖታሲየም መጠንና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ እንዲታዘዝልዎት ይጠይቁ፤ ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት የእንቅርት ዕጢ ሊቆጣና ልብን ሊያፈጥን ይችላልና።

ኢሲጂ የሚመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ የ10 ሰከንድ ያህል ምት ብቻ ነው። ሙሉ ቀን ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሆልተር የሚባለውን፣ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በሰውነት ላይ ተለጥፎ የሚቆይ መመዝገቢያ እንጠቀማለን። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ ከዚህ ውስጥ ጥቂት መቶ ምቶች ተጨማሪ ቢሆኑ በብዙ ጤናማ ሰዎችም ላይ የሚታይ ነገር ነው። ተጨማሪው ምት ከጠቅላላው ከ10 በመቶ ሲያልፍ፣ ማለትም በቀን ወደ 10,000 ሲጠጋ፣ በጊዜ ሂደት የልብን ጡንቻ ሊያደክም ስለሚችል በየጊዜው የልብ አልትራሳውንድ እየተነሡ መከታተል ያስፈልጋል። ይህ ድካም ምቶቹ ሲቀንሱ ብዙውን ጊዜ የሚመለስ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑ የቬንትሪክል ምቶች በተከታታይ፣ በደቂቃ ከ100 በላይ በሆነ ፍጥነት ሲመጡ ስሙም ሕክምናውም ይለያል፤ 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከዘለቁ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ልብዎ ሳያቋርጥ በፍጥነት እየመታ ማዞር፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተከተለ ነገን አይጠብቁ።

የሚያጠፋው መድኃኒት አለ ወይ ላሉት፣ ምቱን የሚያጠፋ መድኃኒት ሁልጊዜ ሰውን ያድናል ማለት እንዳልሆነ የልብ ሕክምና ከባድ ዋጋ ከፍሎ ተምሯል። በአንድ ወቅት፣ በልብ ደም ሥር መዘጋት ልባቸው የተጎዳ ታማሚዎች ተጨማሪ ምት ካላቸው የመሞት ዕድላቸው ስለሚጨምር፣ ምቱን ማጥፋት ሞትን ይቀንሳል ተብሎ ታምኖ ነበር። ካስት የተባለው ጥናት ይህን ለማረጋገጥ ፍሌካይናይድንና ኤንካይናይድን ለታማሚዎች ሰጠ፤ መድኃኒቶቹ ምቱን በሚገባ አጠፉት፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ በሆነው ውጤት መድኃኒቱን ከወሰዱት የሞቱት፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ይበልጥ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ዛሬ ሐኪምዎ «ልብዎ ጤናማ ነው፤ መድኃኒት አያስፈልግዎትም» ቢልዎት ቸልተኝነት አድርገው አይዩት፤ በዕውቀት ላይ የቆመ ውሳኔ ነው።

ምቱ እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ ግን ልብን የሚያረጋጉ እንደ ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ሁለቱም ወደ ጡት ወተት የሚያልፉት በጥቂቱ ነው፤ አቴኖሎል ግን ይበልጥ ስለሚያልፍ ለሚያጠቡ እናቶች አይመረጥም። አስም ካለብዎት ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ሊያባብሰው ይችላል። ልብ ታማሚ ዘመድ ያለው ቤተሰብ መድኃኒት መዋዋሱን ስለማውቅ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፦ አሚዮዳሮን የተባለውን ክኒን በምንም ምክንያት በራስዎ አይጀምሩ። በውስጡ ብዙ አዮዲን አለው፤ በወተት በኩል የሕፃኑን የእንቅርት ዕጢ ሊጎዳ ይችላል፤ ለትልቅ ሰውም ቢሆን ዕጢውን፣ ጉበቱንና ሳንባውን እየተከታተሉ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ያልመለሰውንና እጅግ የበዛ ምት ምቱ የሚነሣበትን ቦታ በቀጭን ሽቦ ፈልጎ በማቃጠል ማዳን ይቻላል፤ እርስዎ ግን እዚያ ደረጃ ላይ አይደሉም።

ቡናን በተመለከተ በአሜሪካ በ100 ፈቃደኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ፈቃደኞቹ ለሁለት ሳምንት በዘፈቀደ አንዳንድ ቀን ቡና እንዲጠጡ፣ አንዳንድ ቀን እንዲተዉ ተደርጎ ልባቸው ያለማቋረጥ ተመዘገበ። ከታችኛው የልብ ክፍል የተነሡት ተጨማሪ ምቶች ቡና በተጠጣባቸው ቀናት በአማካይ 154፣ ባልተጠጣባቸው 102 ነበሩ፤ እንቅልፋቸውም በ36 ደቂቃ ያህል አጠረ። ልዩነቱ እውነተኛ ቢሆንም ከ100,000 ምት አንጻር ትንሽ ነው፤ ሰውም ከሰው ይለያያል። በእኔ እምነት እናትዎና ጎረቤቶችዎ ተሰብስበው አቦል ሲቀዳ እርስዎን ከረከቦቱ የሚያስነሣ ምክንያት የለም። ለሁለት ሳምንት ትተውት ለውጥ ካዩ ይቀንሱ፤ ለውጥ ከሌለ አቦሉን ጠጥተው ቶናውንና በረካውን ይለፉ፤ ከቀትር በኋላ ግን አይጠጡ፤ የሚያጠቡ እናት ከቡናው ይልቅ የጎደለብዎት እንቅልፍ ይመስለኛል። ጫትና አረቄ ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ መራቅ ይገባል።

በጾም ወቅት ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎት፣ ወይም ላሲክስን የመሰለ ውኃ የሚያስወጣ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይወርዳሉ፤ ይህም የቬንትሪክል ምቶችን ያበዛል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለምታጠባ እናት የምታደርገውን ርኅራኄ እርሳቸው ያስረዱዎታል።

አሁን ወደ ወንድምዎ። የሚጥል በሽታና ከልብ የሚመጣ ራስን መሳት ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች ደም ሲቋረጥበት ሰውነት ሊንዘፈዘፍ ይችላልና። ሲወድቅ ያዩትን ጓደኞቹን ጠርተው አንድ በአንድ ይጠይቁ። በሩጫው መካከል ነው የወደቀው ወይስ ሩጫውን አቁሞ ቆሞ ሳለ? ፊቱ ገርጥቶ ነበር? ከስንት ጊዜ በኋላ ነቃ? ከነቃ በኋላ ስማቸውን ጠርቶ ያለበትን ያውቅ ነበር ወይስ ለረጅም ጊዜ ተደናግሮ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ነበር? ምላሱን በጎን በኩል ነክሶ ነበር? በድንገት፣ በሩጫ ላይ፣ ገርጥቶ ወድቆ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የነቃ ልጅ ታሪክ ወደ ልብ ይጠቁማል፤ ረጅም መደናገርና የምላስ መነከስ ወደ ሚጥል በሽታ ያዘነብላል። በፀሐይ ረጅም ሰዓት ቆሞ፣ አቅለሽልሾት፣ አልቦት የሚወድቅ ደግሞ ከሁለቱም የተለየና አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው።

በእርሱ ዕድሜ በሩጫ ላይ ራስን የሚያስቱ፣ በዘር የሚተላለፉ ሦስት የልብ ሕመሞች ዘወትር በሐሳቤ አሉ። አንደኛው የልብ ጡንቻ ያለ ምክንያት የሚወፍርበት ነው፤ ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ ያሳዩታል። ሁለተኛው የልብ ጡንቻ ኤሌክትሪኩን ለመሙላት ረጅም ጊዜ የሚወስድበት፣ ኪውቲ የተባለው የኢሲጂ ርዝመት የሚጨምርበት ነው። ይህ ርዝመት እንደ ልብ ፍጥነቱ ታርሞ ሲሰላ ለወንድ እስከ 450፣ ለሴት እስከ 460 ሚሊሰከንድ ድረስ ልክ ነው፤ 500 ካለፈ አደጋው ጎልቶ ይጨምራል። ይህ ሕመም ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ ዴሰርቴን እ.ኤ.አ. በ1966 የገለጸውን፣ ሞገዱ በራሱ ዙሪያ የሚጠማዘዝ የሚመስለውን ቶርሳድ ደ ፕዋንት የተባለ ፈጣን የቬንትሪክል ምት ያስከትላል። ሦስተኛው በሩጫና በስሜት መነሣሣት ጊዜ ብቻ የሚነሣ ነው፤ በዚህ ሕመም ተኝቶ የተነሣው ኢሲጂም አልትራሳውንዱም ጤናማ ስለሚሆን «ምንም የለውም» ተብሎ ሊሰናበት ይችላል፤ የሚገኘው በሐኪም ክትትል እየሮጠ ልቡ ሲመዘገብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ኢሲጂ ንጹሕ ነው ቢባል እንኳ ታሪኩን ለልብ ሐኪም ሳያስረዱ አይመለሱ። የእርስዎንም የኢሲጂ ወረቀት ይዘው ይሂዱና ኪውቲው እንዲለካ ይጠይቁ፤ እነዚህ ሕመሞች በእኅትማማችና በወንድማማች መካከል አብዛኛውን ጊዜ የእኩሌታ ዕድል አላቸው። በቤተሰባችሁ ከ40 ዓመት በታች ሆኖ ተኝቶ ያልነቃ ወይም ውኃ ውስጥ የሞተ ሰው ካለ ይህንንም ይናገሩ።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታይቶ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ኳስና ሩጫ ይቁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብቻውን ውኃ ውስጥ አይግባ፤ የኪውቲ መርዘም ካለበት ዋናና የቀዝቃዛ ውኃ ድንጋጤ አደገኛውን ምት ከሚቀሰቅሱት መካከል ናቸው። የጥምቀት ዕለት ወጣቶች ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲዘሉ እርሱ ከዳር ሆኖ ይረጭ። ጸበሉን እንዲተው አልጠይቅም፤ እየጠጣም ይመርመር። ይሁን እንጂ በድንገት በቀዝቃዛ ጸበል መጠመቁን ምርመራው እስኪያልቅ ያቆየው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከጀመረም ሐኪም ሳያዝዝ በድንገት አያቋርጥ። ለሕመሙ ምክንያት ከተገኘ፣ ከሦስቱ በአብዛኛዎቹ የሕክምናው መነሻ ርካሹ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቻው መሆኑ መልካም ዜና ነው። ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ትክክለኛ ምቱ የሚመልስ በደረት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያም አለ፤ ውድና በቀላሉ የማይገኝ በመሆኑ ለከፍተኛ አደጋ ለተጋለጡት ነው የሚታሰበው።

የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ለሐኪሙ ያሳዩ። ኤሪትሮማይሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ክሎሮኪን፣ ኩዊኒን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ፍሉኮናዞል ሁሉም ኪውቲን ሊያረዝሙ ይችላሉ፤ ሁለት አንድ ላይ ሲወሰዱ ደግሞ ይብሳል። ለአካባቢያችን ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ከባድ ሕመም) ይዟቸው የሚመለሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ለካላዛር ለ17 ቀናት ከፓሮሞማይሲን ጋር የሚሰጠው የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ ሕይወት የሚያድን ቢሆንም፣ ኪውቲን ሊያረዝምና የቬንትሪክል ምት መዛባትን ሊያስከትል ስለሚችል በሕክምናው ወቅት ኢሲጂ መነሣት አስፈላጊ ነው። ወንድምዎ ቆላ ወርዶ እንዲህ ያለ ሕክምና ወስዶ ከሆነ ከውድቀቱ በፊት ይሁን በኋላ ቀኑን አስታውሰው ይንገሩ።

ዳግመኛ ከወደቀ ቤተሰቡ ምን ያድርግ? ክብሪት ጭሮ ማሽተት ጊዜ ያባክናል፤ አፉም ውስጥ ምንም አይግባ። ይጥሩት፤ ደረቱን ይመልከቱ። ካልመለሰና ካልተነፈሰ፣ ወይም አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ትንፋሽ ብቻ ካለው፣ ልቡ ደም እየረጨ አይደለምና አንዱ ሰው መኪና ሲጠራ ሌላው መሬት ላይ በጀርባው አስተኝቶ የደረቱን መካከል በሁለት እጅ፣ ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ሳያቋርጥ ይጫን። እንዲህ ያለ እርዳታና የንዝረት ሕክምና ካልተገኘ በየደቂቃው የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ለሚያነቡ የጤና ጣቢያ ባልደረቦችም፦ ፈጣንና ሰፊ ሞገድ ያለው ምት ሌላ እስኪረጋገጥ የቬንትሪክል ምት ነው፤ ቬራፓሚል አይሰጥ። የሚጠማዘዘው ዓይነት ከሆነ፣ ለነፍሰ ጡሮች የደም ግፊት መናወጥ ያስቀመጣችሁት ማግኒዚየም ሰልፌት በደም ሥር 2 ግራም የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ ልጁ ራሱን ስቶ የልብ ትርታ ከሌለው ግን ንዝረትና የደረት መጫን ይቀድማሉ።